ዶክተር ሳሙኤል ጆንሰንና በ«ቲ» የሚጀምሩት ትናንሽ ቃላት

እንግሊዝኛ የሚማረውን ሰው የሚያስቸግሩት ረጃጅሞቹ ቃላት ናቸው ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። እኔ እስካሁን እንደ ተረዳሁት ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ረጅም ቃል ትርጕሙ ብዙውን ጊዜ አንድ ስለ ሆነ አንድ ቀን ካጠኑት አይከዳም። የሚከዱት አጫጭሮቹ ናቸው። በ«ቲ» ፊደል ከሚጀምሩት ብቻ ብንጠቅስ «ቴክ»፣ «ተርን»፣ «ቴል»፣ «ታይም»፣ «ቱ» እያንዳንዳቸው በአንድ ትንፋሽ የሚነገሩ ናቸው። ነገር ግን አንድ ተማሪ «ቴክ» ማለት «ወሰደ» ማለት ነው ብሎ ንባቡን ቢጀምር ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳይደርስ ግራ ይጋባል። ነገሩ መድኃኒት ሲሆን መዋጥ፣ አውቶቡስ ሲሆን መሳፈር፣ ፎቶግራፍ ሲሆን ማንሣት፣ ጊዜ ሲሆን መፍጀት ይሆናል። ከኋላው ሌላ ትንሽ ቃል ሲጨመርበት ደግሞ ልብስ ማውለቅ፣ የአውሮፕላን ከመሬት መነሣት፣ አባትን በመልክ መምሰል፣ ሰውን ማታለል፣ እንግዳን ማስጠለል ሁሉ ይወጣዋል። «ቴል» የሚለው ቃል መንገር ብቻ ሳይሆን ጥንት መቍጠርም ነበረ። በባንክ ቤት ገንዘብ ቈጥሮ የሚሰጠውና የሚቀበለው ሠራተኛ እስከ ዛሬ ድረስ «ቴለር» የሚባለውም ስለዚሁ ነው፤ ነጋሪ ስለ ሆነ አይደለም።

በእኛም ቋንቋ ይህን የመሰለ ነገር አለ። ሰው እንጀራ ይበላል፤ ዐደራም ይበላል፤ ቃሉንም ይበላል፤ ቤትን እሳት ይበላዋል፤ ገላም ይበላል። ከእናታችን አፍ የሰማነው ስለ ሆነ ግን ልብ አንለውም። ልብ የሚለው ከውጭ መጥቶ የሚማረው ሰው ነው።

እነዚህን ትናንሽ የእንግሊዝኛ ቃላት ማንም ሰው ሳይንቃቸው አንድ በአንድ አስቀምጦ፣ የትርጕማቸውን ብዛት ቈጥሮ በመጽሐፍ ያሰፈራቸው ታላቅ ሰው ሳሙኤል ጆንሰን ነው። የዚህን ሰው ታሪክ ባነበብኩ ጊዜ መጽሐፉ ብቻ ሳይሆን ሕይወቱም ደነቀኝና ለመጽሔታችን አንባብያን ላቀርበው አሰብኩ። ዘመኑን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሳሙኤል ጆንሰን በሴፕቴምበር 18 ቀን 1709 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሊችፊልድ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ማይክል ጆንሰን መጽሐፍ ሻጭ ነበር፤ ንግዱ ግን ከትርፍ ይልቅ ዕዳ ያመጣለት ነበር። ልጁ ገና በሕፃንነቱ የአንገትን ዕጢ የሚያሳብጥ ክፉ በሽታ ያዘው። በሽታው አንደኛውን ዐይኑን ሊያጠፋው ጥቂት ቀረው፤ ጆሮውንም አደከመው፤ በፊቱና በአንገቱ ላይም ጠባሳ ተወበት። በዚያን ዘመን ይህ ደዌ የነገሠ ሰው እጁን ሲጭንበት ይድናል ይባል ስለ ነበረ እናቱ በ1712 ዓ.ም. ወደ ሎንዶን ይዛው ሄዳ ንግሥት አን ዳሰሱት። አልዳነም። ንግሥቲቱ የሰጡትን ትንሽ የወርቅ ሜዳይ ግን ዕድሜውን ሙሉ ከአንገቱ ላይ አላወለቀውም።

ልጁ በአንድ ዐይኑ በአባቱ ሱቅ ውስጥ ያገኘውን መጽሐፍ ሁሉ እያነበበ አደገ። በ1728 ዓ.ም. ኦክስፎርድ ከተማ ፔምብሮክ በሚባለው ኮሌጅ ገባ። እዚያ የቈየው 13 ወር ያህል ብቻ ነው፤ ገንዘቡ አለቀበት። በዚህ ጊዜ የሆነ አንድ ነገር ይተረካል። ጫማው ከማርጀቱ የተነሣ የእግሩ ጣቶች በውጭ ይታዩ ነበር። ይህን ያየ አንድ ርኅሩኅ ሰው አዲስ ጫማ ገዝቶ ሌሊት በበሩ ላይ አስቀመጠለት። ጆንሰን ጧት ተነሥቶ ባየው ጊዜ ደስ በመሰኘት ፈንታ ተቈጥቶ አንሥቶ ወረወረው። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ሞኝነት መስሎ ታየኝ። በኋላ ግን ድኻ ሆኖ በሀብታም ልጆች መካከል መማር ምን እንደሚመስል ሳስብ ፍርዴን አዘገየሁት።

ኩራቱ ሁልጊዜ መልካም አልነበረም። አባቱ ታሞ ሳለ ዩቶክሲተር በምትባለው ከተማ ገበያ ሄዶ በእርሱ ፈንታ መጻሕፍት እንዲሸጥለት ለምኖት እንቢ ብሎት ነበር። አባቱ በ1731 ዓ.ም. ሞተ። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ስሙ በእንግሊዝ አገር ሁሉ የታወቀ ሽማግሌ ሆኖ፣ ወደዚያው ገበያ ሄደና የአባቱ መደብ በነበረበት ቦታ ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ዝናም እየወረደበት ቆመ። የገበያው ሰው ምን እንደ መሰለው ማን ያውቃል!

ከኦክስፎርድ ከወጣ በኋላ አስተማሪ ለመሆን ሞከረ። ሰውነቱ ግዙፍ፣ ፊቱ በጠባሳ የተበላሸ፣ እጁና ራሱ ሳያስበው የሚወዛወዝ ስለ ነበረ ሥራ አልቀናውም። በ1735 ዓ.ም. በ20 ዓመት የምትበልጠውን ኤልሳቤጥ ፖርተር የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት አገባ፤ በገንዘቧም ትምህርት ቤት ከፈተ። የመጡት ተማሪዎች ጥቂት ነበሩ፤ ከነሱም አንዱ ኋላ በቴያትር ሥራ ዝነኛ የሆነው ዴቪድ ጋሪክ ነው። ትምህርት ቤቱ ተዘጋና መምህሩና ተማሪው በ1737 ዓ.ም. ዕድላቸውን ሊሞክሩ አብረው ወደ ሎንዶን ተጓዙ።

እዚህ ላይ አገራችንን የሚመለከት አንድ ነገር ልንገራችሁ። የጆንሰን የመጀመሪያ መጽሐፍ ስለ ኢትዮጵያ ነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ወደ አገራችን መጥቶ የነበረው ፖርቱጋላዊው ቄስ ጀሮኒሞ ሎቦ ስለ ጕዞው የጻፈውን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 ዓ.ም. አሳተመ። ሲተረጕም ስንፍና ይዞት ከአልጋው ሳይነሣ ቃሉን እየተናገረ ወዳጁ ይጽፍለት እንደ ነበረ ይነገራል። የተከፈለው 5 ጊኒ ብቻ ነው። አንድ ጊኒ 21 ሺሊንግ ነበረ።

በሎንዶን ለጋዜጣና ለመጽሔት እየጻፈ ከእጅ ወደ አፍ ኖረ። የሚያድርበት አጥቶ ሌሊቱን ከአንድ ወዳጁ ጋር በመንገድ ሲዞር የሚያነጋበት ጊዜም ነበር። በመጨረሻ በጁን 18 ቀን 1746 ዓ.ም. የሎንዶን መጻሕፍት አሳታሚዎች ተሰብስበው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እንዲያዘጋጅላቸው በ1,500 ጊኒ ተዋዋሉት። በሦስት ዓመት እጨርሳለሁ አለ። በፈረንሳይ አገር 40 አባሎች ያሉት አካዳሚ የራሱን መዝገበ ቃላት በ1694 ዓ.ም. እስኪያወጣ ድረስ ከ50 ዓመት በላይ እንደ ፈጀበት ሰዎች ቢያስታውሱት በእንግሊዞች ብርታት እየቀለደ አለፈው። የፈጀበት ዘጠኝ ዓመት ያህል ነው።

የሥራውን ክብደት ለመረዳት ከእርሱ በፊት የነበሩትን መዝገቦች ማወቅ ያስፈልጋል። በ1604 ዓ.ም. ሮበርት ኮድሪ ያወጣው የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት 2,500 ያህል ቃላት ብቻ የያዘ ሲሆን፣ እነሱም ከላቲንና ከግሪክ የመጡ ከባባድ ቃላት ነበሩ። «ቴክ»ን ወይም «ቱ»ን የማያውቅ እንግሊዛዊ ስለሌለ ማንም አይጨነቅባቸውም ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት መዝገቦች ትንንሾቹን ቢያስገቡም በአንድ በሁለት መስመር ያልፏቸው ነበር።

ጆንሰን ጎፍ ስኩዌር በሚባለው የሎንዶን ሰፈር ቤት ተከራይቶ ከጣራው ሥር ያለውን ክፍል የሥራ ቦታ አደረገው። ስድስት ጸሓፊዎች ቀጠረ፤ አምስቱ የስኮትላንድ ሰዎች ነበሩ። እርሱ መጻሕፍቱን ያነብባል፤ ለመዝገቡ የሚሆን ዐረፍተ ነገር ሲያገኝ ቃሉን በእርሳስ ያሰምርበትና በኅዳጉ ላይ የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል ይጽፋል። ጸሓፊዎቹ ዐረፍተ ነገሩን በቍራጭ ወረቀት ይገለብጣሉ፤ ከዚያም በየፊደሉ ይለያል። ከሰው የተዋሳቸው መጻሕፍት በእርሳስ ተበላሽተው ይመለሱ ስለ ነበረ ባለቤቶቹ ያዝኑ ነበር።

መጀመሪያ የያዘው መንገድ ግን ከሸፈ። ቃላቱን በትልልቅ ደብተሮች አስፍሮ ለእያንዳንዱ ትርጕም ጥቂት ባዶ ቦታ ትቶ ነበር፤ ትርጕሞቹንም ከቀድሞ መዝገቦች እያየ አስቀድሞ ወስኗቸው ነበር። ከመጻሕፍቱ የተለቀሙት ምሳሌዎች ሲመጡ ግን በተዘጋጀላቸው ቦታ አልገባ አሉ። ቃሉ መዝገቡ ከሚያውቀው በላይ ትርጕም ሆኖበት ተገኘ። በዚህ በኩል የባሱት ትናንሾቹ ግሦች ናቸው። በመጨረሻ የደከመበትን ትቶ እንደገና ሊጀምር ግድ ሆነበት፤ ቃላቱ ምን ማለት እንደ ሆኑ አስቀድሞ ከመወሰን ይልቅ ሰው እንዴት እንደ ተጠቀመባቸው አይቶ ትርጕማቸውን ለማውጣት ተነሣ። ለእኔ የዚህ ሰው ታላቅነት ከሁሉ ይልቅ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የሦስት ዓመቱ ቀጠሮ አልፏል፤ አሳታሚዎቹ ይጮኻሉ፤ ገንዘቡ ለወረቀትና ለጸሓፊዎች ደመወዝ እያለቀ ነው።

ከዚህ ድካም የተገኘው ፍሬ ምን እንደሚመስል «ቴክ» በሚለው ቃል ይታያል። ጆንሰን ለዚህ አንድ ቃል 134 ትርጕም ቈጥሮለታል። ቃሉ ብቻውን አምስት ትልልቅ ገጾች ያህል ይዟል። የመጀመሪያው ትርጕም የሰጡትን መቀበል ሲሆን ሁለተኛው ያልሰጡትን ነጥቆ መያዝ ነው። በአማርኛ አንዱ «ተቀበለ»፣ ሌላው «ቀማ» ነው፤ አንዱ ምስጋና ሌላው ፍርድ ቤት የሚያመጣ ነገር! በእንግሊዝኛ ግን ሁለቱ በአንድ ቃል ይኖራሉ። እንዲሁም እየወረደ ምርኮን፣ በሽታን፣ ምግብን፣ ቂምን እያነሣ ይሄዳል። ከኋላቸው ትንሽ ቃል ሲከተላቸው ትርጕማቸው የሚለወጠውን ግሦች ደግሞ ለብቻ በብዙ ጥንቃቄ ሰብስቧል። ይህንንም ያደረገው ለእንግሊዞች ብሎ አይደለም። በመቅድሙ እንደ ገለጠው ቋንቋውን ለሚማሩት የውጭ አገር ሰዎች ከሁሉ የሚከብደው ይህ መሆኑን ተመልክቶ፣ እነሱ ከእንግዲህ መውጫ እንዳያጡ አስቦ ነው። እንግዲህ ከ260 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በፈተና ወረቀት ላይ የምንታገላቸውን እነዚያኑ ቃላት ያ ሰው ስለ እኛ ዓይነቶቹ ብሎ ታግሏቸው ነበር።

በአገራችንም እንዲህ ያለ ሥራ የሰውን ዕድሜ እንደሚበላ የታወቀ ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ከመምህራቸው የተረከቡትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ሳያሳትሙት ዐረፉ፤ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው በእኛ አቈጣጠር በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት ያበቁት። የራሳቸው የአማርኛ መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1962 ዓ.ም. ወጣ።

ወደ ጆንሰን ልመለስ። ሥራው ገና ሳያልቅ በ1752 ዓ.ም. ሚስቱ ሞተችበት። እጅግ ዐዘነ፤ በዚያ ከጣራ በታች ባለው ክፍል ካልሆነ በቀር በቤቱ ውስጥ መቀመጥ አልቻለም ነበር ይባላል። በዚያው ሰሞን ጃማይካ በባርነት የተወለደ ፍራንሲስ ባርበር የሚባል የ10 ዓመት ያህል ልጅ ወደ ቤቱ መጣ። ጆንሰን አሽከር አድርጎ ተቀበለው፤ በኋላም ከኪሱ ከፍሎ ትምህርት ቤት አስገባው። ዐይነ ስውሯን ባለቅኔ አና ዊልያምስን፣ ድኾችን ያለ ዋጋ እየዞረ የሚያክመውን ሮበርት ሌቬትን በቤቱ አኖራቸው። እነዚህ ሰዎች ሁልጊዜ እርስ በርሳቸው ይጣሉ ነበር፤ እርሱ ግን አላስወጣቸውም።

አሁን ደግሞ የሎርድ ቼስተርፊልድን ነገር ላንሣ። ጆንሰን በ1747 ዓ.ም. የመዝገበ ቃላቱን ዕቅድ ጽፎ ለዚህ መኰንን አቅርቦ ነበር። በዚያን ጊዜ ደራሲ ያለ መኰንን ርዳታ አይቆምም ነበርና። መኰንኑ 10 ፓውንድ ሰጠውና ረሳው። ደጅ የጠናበት ቀን ሁሉ በከንቱ ቀረ። ሰባት ዓመት አለፈ። መጽሐፉ ሊወጣ ሲል ግን ሎርዱ በጋዜጣ ላይ መዝገበ ቃላቱን የሚያመሰግን ሁለት ጽሑፍ አወጣ። ሰው ሁሉ ጆንሰን ደስ ብሎት መጽሐፉን በስሙ ይሰጣል ብሎ ጠበቀ። ጆንሰን በፌብሯሪ 7 ቀን 1755 ዓ.ም. ደብዳቤ ጻፈ። ርዳታው በሚያስፈልገው ጊዜ እንዳልመጣ፣ አሁን ሥራው ካለቀ በኋላ መምጣቱ ሸክም እንጂ ርዳታ እንደማይሆን፣ የሚያካፍላት ሚስቱም እንደ ሞተችበት በትሕትና ቃል፣ ነገር ግን እንደ ምላጭ በሚቈርጥ አነጋገር አስታወቀው። ያ በኦክስፎርድ ጫማውን የወረወረው ልጅ እዚህ ላይ ይታየኛል። 134 ዓይነት መቀበልና መውሰድ ቈጥሮ የጻፈ ሰው የመጀመሪያውን፣ የሰጡትን መቀበልን፣ ለገዛ ራሱ እንዲህ አጥብቆ መመርመሩ ይገርመኛል።

መዝገበ ቃላቱ በኤፕሪል 15 ቀን 1755 ዓ.ም. በሁለት ትልልቅ መጽሐፍ ወጣ። 42,773 ቃላትና ከታላላቅ ደራስያን የተወሰዱ ከ110,000 በላይ ምሳሌዎች ነበሩበት። ዋጋው 4 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ ነበረ። አሳታሚው ሚላር የመጨረሻውን ወረቀት ሲቀበል ከዚህ ሰው ስለ ተገላገልኩ እግዚአብሔር ይመስገን ማለቱን መልእክተኛው ለጆንሰን ነገረው፤ ጆንሰንም ሚላር ስለ ማንኛውም ነገር ቢሆን እግዚአብሔርን ማመስገኑን በመስማቱ ደስ እንዳለው መለሰ። መጽሐፉ ስሕተትም ቀልድም አላጣውም። የፈረስን ቍርጭምጭሚት ጕልበት ብሎ ተርጕሞ አንዲት ሴት ለምን ብትለው ከድንቍርና የተነሣ መሆኑን ሳያፍር ነገራት። የገዛ ሥራውን ሲተረጕምም መዝገበ ቃላት ጸሓፊን ማንንም የማይጎዳ ለፊ አስመስሎ አቀረበው።

ዝና መጣ፤ ገንዘብ ግን አልመጣም። በማርች 1756 ዓ.ም. ለ5 ፓውንድ ከ18 ሺሊንግ ዕዳ ተያዘ፤ ደራሲው ሳሙኤል ሪቻርድሰን 6 ጊኒ ልኮ አስፈታው። በ1759 ዓ.ም. እናቱ ስትሞት ለቀብሯ ወጪ በአንድ ሳምንት ምሽቶች ራሴላስ የተባለውን የኢትዮጵያ ልዑል ልብ ወለድ ታሪክ ጽፎ በ100 ፓውንድ ሸጠ። ልዑሉ በአማራ ተራሮች መካከል ተዘግቶ የሚኖር ነው፤ የአምባ ግሸን ወሬ አውሮፓ ደርሶ እንደ ነበረ ይታወቃል። ይህን መጽሐፍ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ ተርጕመውታል። እኔ እንደማየው የጆንሰን ኢትዮጵያ ከእኛይቱ ጋር ብዙም አትመሳሰልም፤ ነገር ግን ደስታን ፍለጋ የወጣው ልዑል ድካም እውነተኛ ነው።

በ1762 ዓ.ም. ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ በየዓመቱ 300 ፓውንድ ጡረታ ሰጡት። አሁን ችግር መጣ። ጆንሰን በመዝገቡ ውስጥ ጡረታ የሚለውን ቃል አገሩን የሚከዳ ቅጥረኛ የሚከፈለው ደመወዝ አስመስሎ ተርጕሞት ነበር። ይህ ገንዘብ ያዋርደኝ ይሆን ብሎ ወዳጆቹን አማከረ። የተሰጠው ወደ ፊት ለሚያደርገው ሳይሆን ስላደረገው መሆኑ ሲረጋገጥለት ተቀበለ። ጠላቶቹ ሳቁበት፤ እርሱ ግን የ52 ዓመት ሰው ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ዕዳ ሳይፈራ አደረ። የዚያን ገንዘብ ብዙውን ክፍል የበሉት በቤቱ የነበሩት ድኾች ናቸው።

በሜይ 16 ቀን 1763 ዓ.ም. በአንድ መጽሐፍ ሻጭ ቤት ጄምስ ቦስዌል ከሚባል የስኮትላንድ ወጣት ጋር ተዋወቀ፤ ከላይ ከጻፍኩት ብዙው የሚታወቀው ይህ ወጣት እየተከተለ ስለ መዘገበው ነው። መዝገበ ቃላቱን በ1773 ዓ.ም. እንደገና አርሞ አወጣው። በ1884 ዓ.ም. ክፍል በክፍል መውጣት የጀመረው ታላቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት በ1928 ዓ.ም. እስኪያልቅ ድረስ የሚተካው አልተገኘም ማለት ይቻላል። የዚያ መዝገብ አዘጋጅ ጄምስ መሪም በ1915 ዓ.ም. ሲሞት በእጁ የነበረው የ«ቲ» ፊደል ነበር።

ጆንሰን በዲሴምበር 13 ቀን 1784 ዓ.ም. በ75 ዓመቱ ሞተ፤ በዌስትሚንስተር አቢይ ተቀበረ። ከሀብቱ የሚበልጠውን በኑዛዜ ያወረሰው በባርነት ለተወለደው ለፍራንሲስ ባርበር ነው። ባርበርም ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ጌታው ወደ ተወለደባት ወደ ሊችፊልድ ሄዶ ኖረ። በጎፍ ስኩዌር ያለው ቤት እስከ ዛሬ አለ፤ ጐብኚዎች ደረጃውን ወጥተው ጸሓፊዎቹ ይሠሩበት የነበረውን ክፍል ያያሉ።